ከተነቀለ በኋላ ምን በቀለ? የጣና ዳር ሣርና የእምቦጭ ጉዳይ

ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ነው። በጣና ላይ የአንድ ወር የእምቦጭ ነቀላ ዘመቻ የተጀመረበት ሰሞን። ከባሕር ዳር ሳይነጋ ተነሥተን ወደ ፎገራ ሄድን። ወረታ ደርሰን ወደ ሐይቁ ስንታጠፍ መንገዱ ወዲያው ረግረግ ሆነብን። መኪናው ቆመ፣ በእግር ቀጠልን። ቦቲ ያለው በቦቲው፣ የሌለው በባዶ እግሩ ገባ።

እስከ ወገባችን ጭቃ ውስጥ ሆነን ስንጎትት ዋልን። እምቦጭ ከሩቅ ሲያዩት የዋህ ነው። ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ፣ አበባው ወይን ጠጅ፣ ለፎቶ የተፈጠረ ይመስላል። እጅ ሲገባ ግን ሌላ ነው። ሥሩ ከጎረቤቱ ሥር ጋር ስለሚቆላለፍ አንዱን ሲስቡት አሥሩ ተያይዞ ይመጣል። ክብደቱም ጉድ ነው። ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ውኃ ስንሸከም ነው የዋልነው ማለት ይቻላል። ማታ ላይ ዳር የከመርነው ክምር ከሰው ቁመት በለጠ። ፎቶ ተነሣን። አልዋሽም፣ ኮርቼ ነበር።

ከብት ሊያጠጡ የመጡ አንድ አዛውንት ክምሩን አየት አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ እናንተ ነቅላችሁ ስትሄዱ እዚህ ምን ሊበቅል ነው?»

«ሣር ነዋ፣ አባቴ» አልኳቸው።

ሳቁ። ለምን እንደሳቁ የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው። የእሳቸው ጥያቄ ለካ የሣር ምድር ተመራማሪዎች በየአገሩ ዕድሜያቸውን የሚጨርሱበት ጥያቄ ነው። አንድ ወራሪ ተክል ከቦታው ሲነሣ ቦታው ባዶ አይቀመጥም። የሚተካው ማን ነው? የጣናን ጉዳይ በዚህ ጥያቄ በኩል ልየው ብዬ ተነሣሁ።

ሐይቁና እንግዳው

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ሲያዩት ባሕር ነው፤ ጥልቀቱ ግን በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ቢሆን ነው። የሰፋ ሳህን አድርጋችሁ አስቡት። ሳህን ውስጥ ያለ ውኃ ትንሽ ሲጎድል ዳሩ ብዙ ይሸሻል፣ ትንሽ ሲሞላ ብዙ መሬት ይውጣል። በተለይ በፎገራና በደንቢያ በኩል መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ሐይቁ በክረምት ወደ ሰው ማሳ ይመጣል፣ በበጋ ይሄዳል። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

እምቦጭ አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ተፋሰስ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የታየው በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ላይ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1965 ነው። ጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። መነሻው በሰሜን በኩል የመገጭ ወንዝ የሚገባበት አካባቢ ነበር። ከዚያ በምሥራቁ ዳር ወርዶ ጎንደር ዙሪያን፣ ሊቦ ከምከምን፣ ፎገራን ያዘ። ናበጋና ዋገጠራን የመሳሰሉ ቀበሌዎች ስማቸው በዜና የገባው በዚሁ አረም ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም ሕዝቡ ወጥቶ ነቅሎት ነበር። አለቀለት ተባለ። ተመልሶ መጣ።

ዳሩ ማን ነበረ?

ስለ እምቦጭ ስናወራ ሁሌም ውኃው ላይ ነው የምናፈጠው። የአዛውንቱ ጥያቄ ግን ስለ ዳሩ ነው። እኔም እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ።

የጣናን ዳር በደህናው ዘመን የሚያውቅ ሰው ከውኃው ወደ የብስ ሲወጣ የሚያገኘውን በተርታ ይነግራችኋል። መጀመሪያ ደንገል አለ፣ እግሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ የቆመ። ወይጦዎች ታንኳ የሚያስሩበት እሱ ነው። ቀጥሎ ፊላ። ከዚያ ቄጠማ፤ ለዘመን መለወጫ ቤታችን የምንጎዘጉዘው፣ ቀዳም ሥዑር ላይ ካህናት የሚያድሉን ቄጠማ ከእንዲህ ያለ ርጥብ ቦታ ነው የሚመጣው። ከቄጠማው በላይ ሰርዶው ሜዳ ይጀምራል። ክረምት ውኃ ይተኛበታል፣ ጥቅምት ኅዳር ላይ ውኃው ሲሸሽ ከብቱ እየተከተለ ይግጠዋል። የፎገራ ላም በወተቷ ስሟ የተጠራው ይህን ሜዳ እየጋጠች ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ መንገድ ላይ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ዝርያዋ እንዳይጠፋ የሚጠብቃት ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህ ተርታ አንድ በአንድ ተነካ።

የዓባይ መውጫ ላይ የጨረጨራ ግድብ ከተሠራ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ በዝናብ ብቻ የሚወሰን መሆኑ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2003 ውኃው ክፉኛ ወረደና መርከቦች ለወራት ቆሙ። ውኃው የለቀቀውን መሬት ገበሬ አረሰው። ማን ይፈርድበታል? ለም ጭቃ ነው፣ ዝናብ ሳይጠብቅ ያበቅላል። ባሕር ሸሽ ይሉታል እዚያ። ነገር ግን ባሕር ሸሽ ሲታረስ መጀመሪያ የሚሄደው ደንገሉና ቄጠማው ነው።

ሩዝም አለ። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በደርግ ዘመን ፎገራ ላይ የሞከሩት ሩዝ ዛሬ ሜዳውን ይዞታል። ስለ ሩዝ ክፉ ለመናገር አልደፍርም። ለብዙ ቤት ቆርቆሮም፣ የልጅ ትምህርትም ሆኗል። ከብቱም የሩዝ ገለባ ይበላል። ሆኖም ሩዝ የሚፈልገው መሬት ያው ክረምት ውኃ የሚተኛበት የግጦሽ ሜዳ ነው። ሩዙ ሲሰፋ ግጦሹ ጠበበ። ከብቱ ግን በዚያው ልክ አልቀነሰም። በጠበበው ሜዳ ላይ ብዙ አፍ ዋለበት።

አሁን ወደ አዛውንቱ ሳቅ እየተጠጋን ነው። ብዙ አፍ የዋለበት ሜዳ ላይ ምን ይተርፋል? ከብት የማይበላው። የፎገራ ሰው አሜኬላ የሚለው እሾሃም ተክል እርጥብ መሬት ይወዳል፣ ከብት አይነካውም። ላሚቱ ሰርዶውን ዙሪያውን ትግጥና አሜኬላውን አልፋው ትሄዳለች። እንደዚያ እያደረገች በየዓመቱ ሳታውቅ ለአሜኬላ ትኮተኩትለታለች። «እሾህና አሜኬላ» ሲባል የምንሰማው ለወግ ይመስለን ነበር፤ እዚያ ግን የእረኛ ጭንቀት ነው።

ልብ በሉ፣ አሜኬላ እንደ እምቦጭ ከባሕር ማዶ የመጣ አይደለም። አፍሪካ ውስጥ ድሮም ያለ ነው። እኛ «መጤ ወራሪ» ብለን ሁለቱን ቃል አንድ ላይ ማሰር ለምደናል። መጤ ሁሉ ወራሪ አይሆንም፣ ወራሪም ሁሉ መጤ አይደለም። አንዳንዱ እዚሁ ተወልዶ፣ ተቀናቃኙን ስንገድልለት የሚነሣ ነው።

ዘሩ የት ነው የሚያድረው?

እምቦጭ የሚራባው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ሁላችንም የምናየው ነው። ከእናትየው ቅርንጫፍ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ልጅ ይሆናል፣ ልጁ ይበጠስና ራሱን ችሎ ይንሳፈፋል። ሲመቸው ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ እጥፍ ይሆናል። ነፋስ የወሰደው ቦታ ሁሉ ቤቱ ነው።

ሁለተኛው ዝም ብሎ የሚካሄድ ነው። አበባው ዘር ያፈራል፣ ዘሩ ወደ ታች ሰምጦ ጭቃ ውስጥ ይቀመጣል። እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። የሚጠብቀው ብርሃንና ሙቀት ነው። ውኃው ሲሸሽና ጭቃው ፀሐይ ሲያገኝ ይበቅላል። በሚቀጥለው ክረምት ውኃው ሲመለስ ችግኙ ተነሥቶ ይንሳፈፋል።

እንግዲህ ያዙልኝ ያልኳችሁን ሳህን አምጡት። ውኃው የሚሄድበትና የሚመለስበት ሰፊ ዳር የእምቦጭ ችግኝ ጣቢያ ነው። ዳሩ በደንገልና በቄጠማ ጥቅጥቅ ብሎ ቢሸፈን ዘሩ ብርሃን አያገኝም። ታርሶ ወይም እስከ ሥሩ ተግጦ ሲገላለጥ ግን የተዘጋጀ መደብ ነው። ውኃው ላይ የምናየው እምቦጭ ግማሽ ጉዳይ ነው። ሌላው ግማሽ ሣር ያጣ መሬት ነው። እንደ እኔ እምነት ትልቁ ግማሽ ይሄኛው ነው።

አየሩስ?

«የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ማለት ቀላል ነው። ስብሰባ ላይ ሁሉ ነገር በእሱ ይሳበባል። እስኪ ሥራውን እንየው።

እምቦጭ የሚፋፋው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ሙቀት ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,785 ሜትር አካባቢ ላይ ያለ የወይና ደጋ ሐይቅ ነው፤ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል። ያ ቅዝቃዜ ትንሽም ቢሆን ልጓም ነበር። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ መረጃ ግን ከ1951 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የአገሪቱ አማካይ ዝቅተኛ ሙቀት በየአሥር ዓመቱ በ0.37 ዲግሪ እንደጨመረ ያሳያል። ዝቅተኛ ሙቀት ማለት በአብዛኛው የሌሊቱ ነው። ልጓሙ እየላላ ነው ማለት ነው። ዝናቡን በተመለከተ ሞዴሎቹ በላይኛው ዓባይ ላይ አይስማሙም፤ አንዱ ይጨምራል ይላል፣ ሌላው ይቀንሳል። ለእምቦጭ ግን መጨመሩም መቀነሱም ያን ያህል ለውጥ የለውም። መዋዠቁ ይበቃዋል። ድርቅ ጭቃውን ይገልጥለታል፣ ጎርፍ ችግኙን ያነሣለታል።

ሌላው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከፋብሪካ ዘመን በፊት በአየር ውስጥ ከሚሊዮን 280 እጅ ነበር፤ አሁን ከ420 በላይ ሆኗል። ተክሎች ይህን ጋዝ የሚጠቀሙበት መንገድ ይለያያል። ሳይንሱ ሲ-ሦስትና ሲ-አራት ይላቸዋል። እምቦጭ ሲ-ሦስት ነው፤ ሩዝም እንዲሁ። ሰርዶ ሲ-አራት ነው፣ ደንገልም፣ ጤፋችንም። ጋዙ ሲጨምር ይበልጥ የሚጠቀሙት ሲ-ሦስቶቹ ናቸው ተብሎ ነው ለረጅም ጊዜ የተማርነው። በዚህ ስሌት ነገሩ ለወራሪው አደላ፣ ለሣሩ ከፋ።

እኔም ይህን ሳነብ ፋይሉ ተዘጋ ብዬ ነበር። ከዚያ ከሚኒሶታ የመጣ አንድ ሥራ አጋጠመኝ። አሜሪካ ውስጥ ሴዳር ክሪክ በሚባል የሣር ምድር ላይ ፒተር ራይክና ባልደረቦቹ ለ20 ዓመት ሣር ላይ ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለቀቁ ሲከታተሉ ቆዩ። ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ታተመ። መጀመሪያዎቹ 12 ዓመታት እንደ መጽሐፉ ሄዱ፤ ሲ-ሦስቶቹ ተጠቀሙ። በቀሩት 8 ዓመታት ነገሩ ተገለበጠና ሲ-አራቶቹ መጠቀም ጀመሩ። ሚስጥሩ ከአፈሩ ናይትሮጅን ጋር የተያያዘ ነበር። አስቡት፣ ሙከራው በአሥረኛው ዓመት ቢቆም ኖሮ የተሳሳተውን ነገር እርግጠኛ ሆነን እንናገር ነበር። እኛ ዘንድ አንድ ፕሮጀክት ሦስት ዓመት ከቆየ ተመስገን ነው።

ለጣና የሚተርፈው ነገር ይሄ ነው። ማን ያሸንፋል የሚለውን አየሩ ብቻውን አይወስነውም። ናይትሮጅኑና ፎስፈረሱ ከየት እንደሚመጣም ይወስነዋል። ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ከየተራራው የታጠበ አፈርና ማዳበሪያ ይዘው ይገባሉ። ከተሞቹም ፍሳሻቸውን ይልካሉ። ባሕር ዳርን ከዚህ አላወጣትም፤ ዘምባባችንን እያደነቅን ቱቦው ወዴት እንደሚሄድ አንጠይቅም። የጠገበ ውኃ ላይ እምቦጭ ሊራብ አይችልም።

የተሞከረው

እጅ ተሞክሯል፣ ማሽን ተሞክሯል፣ ጢንዚዛ ታስቧል።

ማሽኑ ክፍት ውኃ ላይ ጎበዝ ነው። ጥልቀት የሌለው ዳር ላይ ሲደርስ ጭቃው ይይዘዋል። እምቦጩ ደግሞ የሚበዛው ዳር ላይ ነው።

ጢንዚዛው ኒዮኬቲና ይባላል፣ የመጣው ከእምቦጭ አገር ከደቡብ አሜሪካ ነው። ትሉ የቅጠሉን እጀታ እየቦረቦረ ያዳክመዋል። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ተለቆ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አረሙ በጣም ቀንሷል። እ.ኤ.አ. የ1997–98 ኤል ኒኞ (የውቅያኖስ ሙቀት ጨምሮ የዓለምን አየር የሚያዛባበት ክስተት) ያመጣው ማዕበልና ደመናም ረድቷል ይባላል። ቆይቶ ግን በኬንያ በኩል ባለው ባሕረ ሰላጤ ተመልሷል። ጢንዚዛው ቀዝቃዛ አየር ላይ ዝግ ይላል፤ ዓመታትም ይፈልጋል። ዘመቻ ለለመደ ሰው ደግሞ ዓመታት የሚባል ነገር አይዋጥለትም። ኬሚካልም ሌላ አገር ይሠራል፤ ከሐይቁ ጠጥቶ፣ ዓሣውን በልቶ የሚያድር ሕዝብ ባለበት ግን መጀመሪያ የሚነሣው ሐሳብ መሆን የለበትም ባይ ነኝ።

እጅ ነቀላው ላይ የራሴን ልናገር። ያ የኮራሁበት ክምር የትም አልሄደም። መኪና መጥቶ ይወስደዋል ተብለን ነበር። አልመጣም። ዘመቻው ሳያልቅ አገሩ በጦርነት ወሬ ተወጠረ፣ ሁሉም ወደዚያ ዞረ። ክምሩ ዳር ላይ በሰበሰ። ጭማቂው ማዳበሪያ ሆኖ ወደ ሐይቁ ተመለሰ፤ ዘሩ እዚያው ቀረ፤ በሚቀጥለው ክረምት ውኃው ወጥቶ የተረፈውን ወሰደው። ቀኑን ሙሉ ለፍተን ለእምቦጭ መደብ አዘጋጅተን ተመለስን።

ሪፖርቱ ላይ ግን ያ ቀን ስንት ሄክታር እንደጸዳ ተጽፎበታል። የምንለካው የነቀልነውን ነው። የበቀለውን የሚለካ የለም። ለመለካት ደግሞ ማሽን አያስፈልግም። አራት እንጨት አንድ ሜትር በአንድ ሜትር አድርጎ ማሰር፣ መሬት ላይ መጣል፣ ውስጡ ያለውን በዓይነት መቁጠር፣ ቦታውን ምልክት ማድረግ፣ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር ተመልሶ መቁጠር። አንዱን ቦታ አጥሮ ከብት ማስቀረት፣ ጎረቤቱን መተው፣ ሁለቱን ማስተያየት። የሣር ተመራማሪ ሥራው ይሄው ነው። አሰልቺ ነው፣ ሪባን አይቆረጥበትም። የጣና ባዮስፌር፣ ሰውና ተፈጥሮ አብረው የሚጠበቁበት ክልል፣ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ሲመዘገብ ዙሪያው በቀጠና ተከፍሏል። ከጥብቁ ቀጠና ቀጥሎ ያለው ቀጠና እንዲህ ያለውን የሣር ቀበቶ መያዝ ይችላል። በወረቀት ላይ መስመሩ አለ።

መሬት ላይ ግን መስመሩን የሚያሰምረው ሰው ለገበሬው «ይህችን ባሕር ሸሽ ተዋት» ማለት አለበት። በምን ምትክ? ድርቆሽ ሸጦ ከሩዝ የሚስተካከል ገንዘብ ካላገኘ ለምን ይተዋታል? እዚህ ላይ አጥጋቢ መልስ ሲሰጥ እስካሁን አልሰማሁም።

ተመልሼ ስሄድ

ጥር 2015 ዓ.ም. ላይ በዚያው በኩል ማለፍ ነበረብኝ። ወደ ቦታው ወረድኩ። ውኃው ርቆ ሸሽቷል። እኛ የነቀልንበት ቦታ ከፊሉ ታርሷል። ያልታረሰው ጭቃ ላይ ጣት የማታክል የእምቦጭ ችግኝ ፍልፍል ብሏል። ከፍ ስል አሜኬላው ደርቆ እሾሁን ቀስሮ ቆሟል። ሱሪዬን ያዘኝ። በመካከሉ የተጋጠ ሰርዶ እንደ ምንጣፍ መሬት ላይ ተለጥፏል።

አዛውንቱን አጠያይቄ ቤታቸው አገኘኋቸው። ከጓሮአቸው ወደ ረግረጉ የሚወርድ አንድ ቁራጭ መሬት በእሾህ አጥረዋል። ክልክል አድርገውታል። ውስጡ ሰርዶው ጉልበት ይደርሳል፣ ከታች በኩል ቄጠማው ዘንፈል ብሏል። ለጥምቀት የልጅ ልጃቸው አጭዳ ገበያ ወስዳ ነበር።

«አየህ፣ ሣር ነዋ ያልከኝ» አሉ።

«እንዴት አደረጉት፣ አባቴ?»

«ምን አደርገዋለሁ? ከብት አስወጣሁለት።»

ለከርሞም ታጥሮ ይቆይ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አጥሩን ያዝ አድርገው ወደ ሩዙ ማሳ አዩ።

«እኔ እንዲቆይ ነው የምሻው። ልጆቹ ግን ሩዝ ይግባበት ይላሉ።»